አርፋጇ ከበሮ

ዶፍ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት እህቱ ናት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ በግቢያቸው ጥግ የቆመውን ባዶ የውሃ በርሜል በሁለት ማንኪያ ሲደበድብ ሰምታ፣ «እማ፣ የታጠበውን ልብስ አስገቢ፣ ዶፍ ሊጥል ነው» አለችና ቤተሰቡን ሁሉ አሳቀችበት። ከዚያ ወዲህ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያሳድስ ብቻ ነው። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጸጉሩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ሥራው ግን ከበርሜሉ ዘመን ብዙም ፈቀቅ አላለም። ይመታል። ልዩነቱ የሚመታው ነገር ዛሬ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር መያያዙ ነው።

የሙዚቃ ደራሲ ነኝ ሲል ሰው ሁሉ ዘፋኙ ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል። ዘፋኝ የለውም። ግጥምም የለውም። ያለው ሁለት ከበሮ፣ አራት ማይክሮፎን፣ አንድ ኮምፒውተርና ለቁጥር የሚያታክት ገመድ ነው። የሚሠራባት ክፍል ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋን በአሮጌ ምንጣፍ ሸፍኖታል፤ መስኮቷ ላይ ብርድ ልብስ የሚያህል መጋረጃ ሰቅሏል። የገባ እንግዳ ገመዱን ላለመርገጥ፣ ሕፃናት መሬት ላይ እንደተኙበት ቤት፣ እግሩን እያነሳ ነው የሚራመደው።

ሁለቱ ከበሮዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከእያንዳንዳቸው ኋላ አንድ አንድ ወንበር አለ። አንደኛው የዶፍ ነው። ሁለተኛው ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ከበሮው ግን ይመታል።

ነገሩ አስማት አይደለም። በከበሮው ቆዳ ሥር ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ንዝረት የሚሰማ ሴንሰር፣ ሌላው የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ስፒከር። ዶፍ የራሱን ከበሮ ሲመታ ኮምፒውተሩ ያዳምጣል፣ ምቶች ካጠራቀመበት ማኅደሩ ይስማማል የሚለውን ይመርጣል፣ ወደ ስፒከሯ ይልከዋል፤ ስፒከሯም የባዶውን ወንበር ከበሮ ከሥሩ ታንቀጠቅጠዋለች። ቆዳው ላይ ሩዝ ቢበትኑበት ይዘላል። መድረክ ላይ መጀመሪያ ያየው ሰው ጸጉሩ ይቆማል፣ ከዚያ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ደግሞ መጥቶ ማሽኑ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ይጠይቃል።

ማኅደሩ ውስጥ ያሉት ምቶች የእህቱ ናቸው። እትዬ ነበር የሚላት። ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል። ስለዚህ ዶፍ በየጠዋቱ ሻዩን ጠጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «ልለማመድ» ቢልም ውሸቱን ነው። የሚቀመጠው እህቱን ሊያገኝ ነው።

እትዬ አዋላጅ ነበረች። ከእሱ በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ከበሮ የጀመረችው ሙዚቃ ወዳ አይደለም፤ በበርሜሉ አላስጠና ሲላት፣ ይሰለቸው እንደሆነ ብላ ማዶ ተቀምጣ በሳፋ መልስ ትሰጠው ጀመር። አልሰለቸውም። እሷም ሳታስበው ለመደችው። እሱ አድጎ ሙዚቃ ተማረ፣ ከዚያ ኤሌክትሮኒክስ፣ ከዚያ ደግሞ ለዘመድ ሊያስረዱት የማይመች ነገር፤ እሷ ሥራዋን ይዛ ቀጠለች። ከሆስፒታል ወጥታ ትመጣለች፣ ደረጃውን እያለከለከች ትወጣለች፣ ከልማድ የተነሳ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በሰዓቷ መጥታ አታውቅም። ምክንያቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ልጁ እምቢ አለኝ።»

ስትመታም አርፋጅ ናት። ሦስቱን ምት ልክ በቦታቸው ታስቀምጣቸዋለች፤ አራተኛዋ ላይ ግን እጇ አየር ላይ ይቀራል። ብዙ አይደለም፣ ዓይን እስኪርገበገብ ነው። ከዚያ ትጥላታለች። በሙዚቃ ትምህርት ቤት ምት የሚቆጥር መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ላደገው ለዶፍ ይህ የጥርስ ሕመም ነበር።

«አራተኛዋን ለምንድን ነው የምታዘገያት?» ይላል።

«አላዘገየኋትም። እየጠበቅኳት ነው።»

«ምኗን ነው የምትጠብቂያት?»

«እስክትመጣ ነዋ። ጎትቼ ያወጣሁት ልጅ የለም፤ ምቷንም አልጎትታትም።»

አንዴማ ልምምድ ላይ ደሙ ፈልቶ ላቡን የሚጠርግበትን ፎጣ ወረወረባት። እሷ ፎጣውን አነሳች፣ አጣጠፈች፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና እንደገና መታች፤ እንደገናም አረፈደች። ሰው ዝናብ እየመታው አዳራሽ ድረስ የሚመጣው ያችን አንዷን ምት ሊሰማ እንደሆነ ዶፍ ልቡ ያውቀው ነበር። እሱ ራሱ ድርሰቶቹን ሲጽፍ ያችን ቦታ ለእሷ ክፍት እየተወ ነበር የሚጽፈው። አንድም ቀን ግን አልነገራትም። ታናሽ ወንድም ታላቅ እህቱን ማመስገን የሚከብደው ነገር አለ፤ ቢነግራት ዕድሜ ልኳን ስትቀልድበት የምትኖር ይመስለው ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ሲል ጊዜው አለቀ። ይህ እስከ ዛሬ አንጀቱን ይበላዋል።

ድምፅ መቅጃ የሚባል ነገር አትወድም ነበር። «ከሞትኩ በኋላ መደርደሪያ ላይ አልቀመጥም፤ መስማት የፈለገ አሁን ይምጣ» ትላለች። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሙዚቃዋ የትም የለም። ማሽኑን የፈቀደችለት ማሽኑ ሙዚቃ ስለማያስቀምጥ ነው። ምት ብቻ ነው የሚወስደው፣ አንድ አንድ እያለ፤ እንዴት እንደተመታች፣ የት እንደተመታች፣ ምን ያህል እንደዘገየች። «ተማሪ ከሆነ ይማር» አለችና ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማረችው። አዲስ ተለማማጅ አዋላጅ እንደምትቆጣው ትቆጣው ነበር። «ቀስ በል አንተ። ማን አባረረህ?» ማኅደሩ የሚይዘው ሃያ ሺህ ምት ነው። ሃያ ሺውንም በእጇ ሞላችው፤ ወዲያው ታመመች።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ቀን ልጇ ደግፋ ነበር ደረጃውን ያወጣቻት። ልጇ ከታች ልብስ ሰፊው ዘንድ ጠበቀቻት። እትዬ እንደ ልማዷ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ተቀመጠች፣ ጥቂት መታችና ደከመኝ አለች። ቀሪውን ነገ እጨርሰዋለሁ ብላ ወረደች። ነገ የሚባለው ቀን ለእሷ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ዶፍ አንድም አዲስ ድርሰት አልጻፈም። የሚጽፍበት ወረቀት አለ፣ እርሳሱ ተቀርጿል፣ እጁ አልሄድ ብሎታል። በየጠዋቱ ግን ከባዶው ወንበር ጋር ይመታል። እሱ ሲጠይቅ ማዶ ያለው ከበሮ ይመልሳል፤ ዶፍ አንዳንዴ ያለቅሳል፣ ሲለው ደግሞ «አሁንም አረፈድሽ» ብሎ ይስቃል። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ምላሱ እንደ መቀሱ የሆነ ሰው ነው። አንድ ቀን ደረጃው ሥር አገኘውና አቆመው።

«አንተ ዶፍ፣ ከእህትህ ጋር ታረቃችሁ መሰለኝ።»

«እንዴት?»

«ድሮ ስትመቱ ስትጨቃጨቁ ነበር የሚመስለው። እግሬ የስፌት መኪናው ላይ መሄጃ ያጣ ነበር። አሁን እኮ ሰላም ነው፤ እጀታ ስሰፋ እናንተን ይዤ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።»

ዶፍ ሳቀ። ማሽኑ ጎበዘ ማለት ነው ብሎ በልቡ ኮራ። ልብ ቢል ኖሮ እዚያው ደረጃ ላይ ክው ብሎ በቀረ። ልብ አላለም።

የእህቱ ልጅ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እዚያ ክፍል እግሯን አስገብታ አታውቅም። አጎቷን ትወደዋለች፣ ቤቱ ትመጣለች፣ መድኃኒቱን እንዳይረሳ ትደውላለች፤ «ነይና እናትሽን ስሚያት» ሲላት ግን ፊቷ ይለወጣል። «እናቴን በገመድ አላናግራትም» ነው መልሷ። አንድ ረቡዕ ቀን ደወለች።

«አጎቴ፣ ሌላ ከተማ ተመደብኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«ይቅናሽ የኔ ልጅ።»

«የእናቴን ከበሮ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ።»

ዶፍ ስልኩን ከግራ ጆሮው ወደ ቀኙ አዛወረው፤ በሌላኛው ጆሮ ሲሰማ ነገሩ የሚለወጥ ይመስል።

«እሱ እኮ ዝም ብሎ ዕቃ አይደለም» አለ። «እናትሽ አለችበት።»

«ተው አጎቴ።»

«መጥተሽ ሳትሰሚ ነው ተው የምትይኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነይ ስልሽ ከረምኩ።»

ከልጅቷ ጀርባ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ አስተማሪ ውሳኔ ሲሰጥ በሚናገርበት ድምፅ፣ «እሺ» አለች። «የምሄድበት ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እሰማለሁ። እናቴ ከሆነች አንተ ጋ ይቆይ፣ ሁለተኛ አላነሳብህም። ካልሆነች ይዤው እሄዳለሁ። ተስማማን?»

«ትሰሚያታለሽ» አላት አፉን ሞልቶ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ዶፍ እንቅልፍና ምግብ ረስቶ ኖረ ማለት ይቻላል። በቀን አንድ ሰዓት የነበረውን ልምምድ አምስትና ስድስት ሰዓት አደረሰው። የማይክሮፎኖቹን ቦታ ቀያየረ፣ የገመዶቹን ጫፍ በአልኮል ጠረገ፣ የእትዬን ከበሮ ቆዳ በለስላሳ ጨርቅ ወለወለ። እትዬ የምትወዳቸውን ድርሰቶች አንድ በአንድ አነሳቸው፤ በዚህ ቢመታ እንዲህ ትመልሳለች፣ በዚያ ቢመታ እንዲያ ትመልሳለች እያለ በማያውቀው መንገድ ሁሉ ሞከራት። ቀን በቀን ማዶ ያለው ከበሮ እየቀረበው፣ እየገባው መጣ። አሳቡን ሳይጨርስ ይመልስለታል። ዓርብ ዕለት ሲነሳ መዳፉ አብጦ ነበር፤ ልቡ ግን እንደ ልጅ ልብ ሆኖ ነበር። ነገ ልጅቷ ትሰማለች፤ ሁለት ሆነው ይናፍቋታል። ብቻውን መናፈቅ ሰልችቶት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ ገመዶቹን እየተሻገረች ገባች፣ የእናቷን ወንበር አየችውና ግድግዳው ሥር ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ዶፍ ወደ ወንበሩ ሄደ። ተቀመጠ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ መታ።

ማዶ ያለው ከበሮ መለሰ።

ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዶፍ ጥያቄውን ወረወረ፣ ከበሮው ቀለበው፣ መለሰለት፤ ፈጠኑ፣ ቀዘቀዙ፣ አንድ ላይ ወጡ፣ አንድ ላይ ወረዱ። ልጅቷ መጀመሪያ ያንን ማንም ሳይነካው የሚንቀጠቀጥ ቆዳ ፈጥጣ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ዶፍ በጎን እያያት ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየና «ሰማቻት» አለ በልቡ። ሲጨርስ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«እህ?» አላት።

«አጎቴ…»

«ሰማሻት አይደል?»

ልጅቷ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ሰው ሊያስቀይም የፈለገ ሰው እንዲህ አይዘገይም።

«ይሄ አንተ ነህ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እዚህም አንተ ነህ፣ እዚያም አንተ ነህ። ከልጅነቴ ጀምሮ እኮ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እናቴ በጣቷ ስትመታ ነው ያደግኩት። እናቴ እንዲህ አትቸኩልም። እናቴ እንዲህ እሺ እሺ አትልህም። ደግሞ እዚያ ጋ ስትደርሱ ሁለታችሁም ዝም የምትሉት ለምንድን ነው?»

«የት ጋ?»

ልጅቷ በመዳፏ ጭኗን መታች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጇን አቆመች። «እዚህ ጋ። ሁለታችሁም ትቆማላችሁ፣ ማንም አይመታም፣ ከዚያ ሌላ ትጀምራላችሁ።»

ዶፍ እንደሚቆም አያውቅም ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በገዛ እጁ፣ የሚመታውን አያውቅም ነበር። ተናደደ፤ በእሷ ይሁን በራሱ አልለየም። «ቆይ ላሳይሽ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እያንዳንዱ ምት የተመዘገበበት ቀን አለው። ዝርዝሩን ከፈተው። ትናንት ይላል። ትናንት፣ ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ። ወደ ታች ወረደ። ያለፈው ሳምንት። ያለፈው ወር። ያለፈው ዓመት። የእህቱ ዘመን አልመጣም።

ከስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። «ተማር» ትላለች። ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አለ።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣለት። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ክፉኛ በሚያስተጋባ አዳራሽ ሲጫወት ማሽኑ ከቦታው ጋር አልጣጣም ብሎት ነበር። ከሚሰማው አዲስ ነገር ጥቂት እንዲቀበል ብሎ፣ «ለዛሬ ብቻ» አለና ያችን ሳጥን ከፈታት። መዝጋቱን ረሳ። ማሽኑ ደግሞ የታዘዘውን አይረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶፍ በተቀመጠ ቁጥር፣ ከዚህ በፊት ያልሰማውን ምት ሲያገኝ ያስገባል፤ ማኅደሩ ሙሉ ነውና አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል፣ ከሁሉም የቆየው። በቀን ሃያ ሠላሳ ምት። ባለፉት ቀናት ደግሞ፣ እትዬን በማያውቀው መንገድ ሁሉ ሲጠራት፣ በቀን ሁለት መቶ ሦስት መቶ።

ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ወረደ። የእህቱ ቀን እዚያ ነበረ። የመጨረሻዋ ቀን። አሥራ አንድ ምት።

ልጅቷ የአጎቷ ጀርባ ሲጎብጥ አይታ ተነሳች። ምን እንደሆነ ስላልገባት፣ የክፍሏ ልጆች ሐሳባቸው ሲበተን ጠረጴዛ እንደምታንኳኳው፣ አጠገቧ ያለውን የእናቷን ከበሮ በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ አደረገችና፣ «አጎቴ፣ ምን ሆንክ?» አለች።

ቆዳው ሥር ያለው ሴንሰር ሰማት። እንዲህ ያለ ምት ማሽኑ ሰምቶ አያውቅም። አስገባው። አሥራ አንዱ አሥር ሆነ።

«አትንኪ!»

ዶፍ ጮኸ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም፤ ወደ ኋላ ስትል ገመድ ጠልፏት የግድግዳውን ምንጣፍ ይዛ ቆመች። እሱ ምልክቷን አጠፋ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ነገራት። ሳጥኗን፣ አዳራሹን፣ ሃያ ሺውን፣ አሥሩን። ምንም አልደበቀም። ስክሪኑን ማንበብ አትችልምና ሊዋሻት ይችል ነበር፤ ይህ ሐሳብ በአጠገቡም አላለፈ።

«ግልባጭ አይኖረውም?» አለች።

«አለው። ግን በየቅጽበቱ ራሱን ያድሳል። ከዚህ የወጣች ምት ወዲያው ከዚያም ትወጣለች።»

«አንዷን እኔ ነኝ ያጠፋኋት?»

«አንዷን አንቺ» አለ። «ሌላውን ሁሉ እኔ።» ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «በየጠዋቱ እየጠራኋት፣ በጠራኋት ቁጥር አባረርኳት። ትንሽ ባልናፍቃት ኖሮ እስካሁን ነበረች» አለና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ልጅቷ ገመዶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደ ልጅነቷ የሱሪውን ጫፍ ያዘችው።

ትንሽ ቆይታ፣ «አሥሩን አሰማኝ» አለችው።

«ለምን?»

«እስካሁን አልሰማኋትማ።»

አሥሩ ምት በተመቱበት ቅደም ተከተል፣ በመሃላቸው የነበረው ጊዜ ሳይነካ፣ አንድ ጊዜ ወደ ከበሮው እንዲሄዱ አዘዘ። ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። ልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያዋ ጠፍታለችና ከሁለተኛዋ ጀመረ። ሁለት ምት መጣ፣ ቀጭን፣ የደከመ እጅ ምት። አራተኛዋ ዘገየች። መጣች። ልጅቷ እንባዋ ሳይቆም ሳቀች። «እሷ ናት» አለች። ቀጠለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ጠበቀች፤ አራት። ቀጠለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ጠበቁ። ከታች የስፌት መኪናው ይሰማል። ጠበቁ። ቆዳው አልተንቀሳቀሰም።

«አራተኛዋስ?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«እጇን አንስታ ነበር» አለ ዶፍ። «ከዚያ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ደከመኝ፣ እሷን ነገ እጨርሳታለሁ አለችና ወረደች። አንቺ ከታች ትጠብቂያት ነበር።»

ልጅቷ ከበሮውን አየችው። «ለካ ለዚህ ነው እዚያ ጋ የምትቆመው» አለች። «ማሽኑም ከአንተ ተምሮ ነው። እሱም እየጠበቃት ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እሱና ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመው እንደነበር አሁን ለዶፍ ገባው፤ አንዱ ሳያውቀው፣ ሌላው ደግሞ ማወቅ የማይችል ሆኖ።

«ይቆይ አንተ ጋ» አለች ልጅቷ ተነስታ እንባዋን እየጠረገች። «ከበሮውን አልፈልገውም። እውነቴን ነው።»

«ካልሆነች ይዤው እሄዳለሁ ብለሻል። አልሆነችም።»

«አጎቴ፣ እኔ እኮ…»

«ቃል ቃል ነው የኔ ልጅ። እኔ ከዚህ በኋላ በእሱ ላይ የማወራው ከራሴ ጋር ነው፤ ለዚያ የእናትሽ ከበሮ አያስፈልገኝም።»

መፍቻውን አመጣ። አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ፣ ስፒከሯንና ሴንሰሩን አወጣ፣ የሙጫውን ርዝራዥ በጥፍሩ ፈቀፈቀ። አሥሩን ምት በፍላሽ ልስጥሽ ሲላት ራሷን ነቀነቀች። «መደርደሪያ ላይ አልቀመጥም ትል ነበር። አንተ ጋ ይሁኑ፤ ለእኔ ከበሮው ይበቃኛል።» ተጋግዘው ደረጃውን ሲያወርዱት ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ፊታቸውን ሲያይ ዘጋው፤ ሱቁ በር ላይ ወንበር አወጣላት። ታክሲው እስኪመጣ እዚያ ተቀመጠች፣ ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ዶፍ ጉንጯን ሳማት፣ መልካም መንገድ አላትና ደረጃውን ወጣ። ሲሰናበት ብዙ መቆም አይችልም፤ ይህ እሱና እትዬ ከእናታቸው የወረሱት ነው።

ክፍሉ ሰፍቶ ጠበቀው። ከበሮው በነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ክብ፣ አቧራ ያልነካው ምልክት ቀርቷል። መጋረጃውን ገለጠ፣ መስኮቱን ከፈተ። ስትሄድ ሊያያት ነበር፤ ከዚያ ማየቱን አልቻለምና ዞሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ እንደበራ ነው። ስክሪኑ ላይ ከዝርዝሩ ሥር አሥሩ ምቶች አሉ፤ ሳጥኗ ባዶ ናት።

እጁ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገውን አደረገ። መታ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ቆመ። አሁን መቆሙን ያውቃል። እጁን አየር ላይ እንዳለ አየው፤ ማዶ ከበሮ የለም፣ የሚመልስ የለም። «እትዬ፣ ያችን ምት እኮ እወዳት ነበር» አለ ጮክ ብሎ፣ ለባዶው ወንበር። ሠላሳ ዓመት ያልወጣው ነገር እንዲህ በቀላሉ ወጣ። ከታች የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ፣ በር ሲከፈት ተሰማ።

ከዚያ ከመንገዱ፣ በተከፈተው መስኮት በኩል፣ አንድ ምት መጣ።

ከበሮውን በድምፁ አወቀው። ጥሩ ምት አልነበረም። መዳፏን ቆዳው ላይ ለጥፋ ስለመታችው ታፍኗል፤ የእትዬም አይመስልም። አርፍዷል ደግሞ፤ ከእትዬም አብልጦ አርፍዷል። የታክሲው በር ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ፣ ልብስ ሰፊው ወንበሩን ወደ ሱቁ ሲመልስ ተሰማ።

ዶፍ እጁን ቀስ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ወደ ስክሪኑ ዞሮ አየ። አሥር እንደሆነ ነው። ያችን ምት ማሽኑ አልያዛትም።